ጥገናው ይበልጥ ያሰመጠው ሰማይ ጠቀስ፦ የሳን ፍራንሲስኮው ሚሌኒየም ታወር ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

ሊጠግኑት ገብተው ያባሱት፣ ከዚያ ቆም ብለው ነገሩን እንደገና አስበው ያረጋጉት ሕንፃ ነው የዛሬው ጉዳዬ። ሚሌኒየም ታወር ይባላል። ሳን ፍራንሲስኮ መሀል ከተማ፣ የሚሽንና የፍሪሞንት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሟል። 58 ፎቅ አለው፣ ቁመቱ 197 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላለን ሰዎች መጠኑን ለመገመት፣ 209 ሜትር ከሆነው ከንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በትንሹ ብቻ ያንሳል።

ሕንፃው እየሰመጠ ወደ አንድ ጎን ስለ መዝመሙ ብዙ ተቀልዷል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ሕንፃ ላይ ሁለት ጊዜ መጥፎ ቁጥር ተነቧል። በ2009 ቁጥሩ ደብዳቤ ላይ ተጻፈና ፋይል ውስጥ ገባ። በ2021 ደግሞ ቁጥሩ ማሽን አስቆመ። በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት ነው መመዝገብ የፈለግኩት።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። መሐንዲሱ መሐንዲስ፣ ነዋሪው ነዋሪ፣ ባለሥልጣኑ ባለሥልጣን ይባላል፣ ይበቃል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኢንቹንም ወደ ሳንቲ ሜትር ቀይሬዋለሁ፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ ትንሽ ተጠጋግተዋል።

ከሥሩ ያለው መሬት

ሰፈሩ ድሮ የባሕር ዳርቻ ነበር። በወርቅ ፍለጋው ግርግር ዘመን ሰዉ ውሃውን በአፈርና ባገኘው ነገር ሁሉ እየደለደለ መሬት አደረገው፤ ባለቤት ያጡ መርከቦች ሳይቀሩ ከዛሬው የከተማው መሀል ሥር ተቀብረው ቀርተዋል። ስለዚህ ወደ ታች ስትቆፍሩ መጀመሪያ የምታገኙት ሙሌት ነው። ከዚያ ለስላሳ የባሕር ጭቃ፣ ከዚያ ጠቅጠቅ ያለ አሸዋ፣ ከአሸዋው ሥር ወፍራም የሸክላ አፈር ይመጣል። አለቱ የሚገኘው ከ60 ሜትር በታች ወርዳችሁ ነው።

የሕንፃው መሠረት አለቱን አይነካም። 3 ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ማት፣ ማለትም ሕንፃው የሚያርፍበት ወፍራም ንጣፍ አለ፣ ከማቱ ሥር ደግሞ 950 ገደማ ፓይሎች፣ ማለትም ወደ መሬት የሚገቡ ረጃጅም የመሠረት ምሰሶዎች ተመትተዋል፤ የእያንዳንዱ ፓይል ጎን 35 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከ18 እስከ 27 ሜትር ጥልቀት ይወርዱና አሸዋው ውስጥ ያበቃሉ። ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። በአካባቢው ያሉ ብዙ ትልልቅ ሕንፃዎች አለት ሳይነኩ በአሸዋው ላይ ቆመዋል፣ ምንም አልሆኑም። ግን አብዛኞቹ የብረት ሕንፃዎች ናቸው። ሚሌኒየም ታወር በኮንክሪት ነው የተሠራው፣ ኮንክሪት ደግሞ ከብረት በጣም ይከብዳል፤ ያ ሁሉ ክብደት ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ወጥቶ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። የጎረቤትን መሠረት አይቶ "እነሱም እንዲህ ነው የሠሩት" ማለት የሚሠራው የጎረቤት ክብደትም ተመሳሳይ ሲሆን ነው።

አሸዋው ራሱ ቻለው። ያልቻለው ከአሸዋው ሥር ያለው ሸክላ ነው። ሸክላ ውሃ ይዞ የተቀመጠ አፈር ነው፣ ሲጫኑት ወዲያው እጅ አይሰጥም። አይብ በጨርቅ ቋጥረው ድንጋይ ሲጭኑበት አጓቱ ጠብ ጠብ እያለ ቀስ በቀስ እንደሚወጣው፣ እሱም ውሃውን በዓመታት ውስጥ ነው የሚለቀው፣ ውሃው በወጣ ቁጥር ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ችግሩ በግንባታው ጊዜ አለማለቁ ነው። ሪባን ከተቆረጠ በኋላ፣ ሰው ከገባ በኋላ፣ ቤቱ ከተሸጠና ከተለወጠ በኋላም ይቀጥላል።

ጎን ለጎን ማየት ለሚፈልግ ማወዳደሪያው ሩቅ አይደለም። ፍሪሞንት ጎዳናን ተሻግሮ የቆመው ሴልስፎርስ ታወር 326 ሜትር ነው፣ በ2018 ተከፈተ። የሱ 42 የመሠረት ምሰሶዎች አለት ድረስ ወርደዋል።

የ2009ኙ ደብዳቤ

ግንባታው በ2005 ተጀመረ። የተሰላው ስምጠት በሕንፃው ዕድሜ በሙሉ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ማንኛውም ትልቅ ሕንፃ ትንሽ ይሰምጣል፣ ይሄ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የሚያስደነግጠው ከተሰላው ሲያልፍ ነው።

በየካቲት 2009፣ ሕንፃው ገና ለነዋሪ ሳይከፈት፣ የከተማው የሕንፃ ቁጥጥር ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፈ። ከተጠበቀው በላይ ሰምጧል ሲባል ሰምተናል፣ ምንድነው ነገሩ የሚል ነው። መልሱ በዚያው ወር መጣ። ሕንፃው 21 ሳንቲ ሜትር ሰምጧል፣ ግን ደህና ነው፣ አደጋ የለውም። ነዋሪ ገና አልገባም፣ የዕድሜ ልኩ ትንበያ ግን ታልፏል። በዚያው ዓመት የመጠቀሚያ ፈቃድ ተሰጠው፣ አፓርታማዎቹ በሚሊዮኖች ዶላር ተሸጡ።

እዚህ ጋ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ማንም አልለካም ብሎ መክሰስ አይቻልም፣ ተለክቷል። ማንም አልጠየቀም ማለትም አይቻልም፣ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቋል፣ መሐንዲሱም በጽሑፍ መልሷል። መልሱ ላይ የተጻፈው "ደህና ነው" የሚለው ቃልም ውሸት አልነበረም። በኋላ በ2017 ከተማው የቀጠራቸው ባለሙያዎች ስምጠቱ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን የመቋቋም አቅሙን ጉልህ በሆነ መንገድ አልጎዳውም ብለዋል። የጠፋው ሌላ ነው። ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ የተጻፈ ነገር አልነበረም። መስመር ያልተሰመረለት ቁጥር ሲያልፍ አይታይም። 21 ሳንቲ ሜትር ስለተባለ ማንም የመነሳት ግዴታ አልነበረበትም፣ ማንም አልተነሳም።

ገዢዎቹስ? ከተማው በኅዳር 2016 አልሚውን ፍርድ ቤት ሲያቀርበው አንዱ ክስ ይሄ ነበር፤ ስምጠቱን እያወቀ ለገዢዎች አልነገረም የሚል። ገዢው ሲፈርም የወለሉ እምነ በረድ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር፣ ሕንፃው ስንት እንደሰመጠ ግን አያውቅም።

ጎረቤት መቆፈር ጀመረ

በ2010 ከጎኑ ትልቅ የአውቶቡስና የባቡር መናኸሪያ ለመሥራት ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ፣ 18 ሜትር ገደማ ወደ ታች። ከዚህ በኋላ ክርክሩ በሁለት ተከፈለ። የታወሩ አልሚ "የከርሰ ምድር ውሃውን እየመጠጣችሁ መሬቱን አደረቃችሁብን፣ ያሰመጣችሁን እናንተ ናችሁ" አለ። የመናኸሪያው ባለቤቶች "እኛ አንድ አካፋ አፈር ሳናነሳ እናንተ 25 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ነበር፣ ጥፋቱ ፓይላችሁን አለት ድረስ አለማድረሳችሁ ነው" አሉ። ደግሞም ታወሩን ለመጠበቅ ብለው በ58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከመሬት በታች ጥልቅ የድጋፍ ግድግዳ ሠርተው ነበር።

ማን ልክ ነው? በፍርድ ቤት ተወስኖ አላለቀም፣ ነገሩ የተዘጋው በሽምግልና ስምምነት ነው። የኔ ግምት የመጀመሪያው ስምጠት ከሕንፃው ከራሱ ክብደት ነው፣ ቀኑ ይመሰክራል። ቁፋሮው የጨመረው ነገር የለም ብሎ መማል ግን ይከብዳል።

ከውስጥ ሲታይ

ነዋሪዎቹ ነገሩን የሰሙት በ2016 ነው፣ ሕዝቡም በዚያው ክረምት በጋዜጣ አወቀ። በዚያን ጊዜ 40 ሳንቲ ሜትር ሰምጦ ነበር። እኩል ቢሰምጥ እንኳ ጉዱ ቀላል ነው፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥግ አዘንብሎ ነው የሚሰምጠው። በኅዳር ወር የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከሳተላይት የተነበበ መረጃ አወጣ፣ ሕንፃው በዓመት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል የሚል።

ሳተላይቱ ያየውን ነዋሪው በብይ አየው። አንዱ ነዋሪ ለቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሳሎኑ ወለል ላይ ብይ አንከባሎ አሳየ። ብዩዋ ትሄዳለች፣ ታመነታለች፣ ከዚያ ዞራ ወደ ዘመመው ጎን ትመለሳለች። የመኪና ማቆሚያው ምድር ቤት ግድግዳዎች ላይ ስንጥቆች ነበሩ፣ ስንጥቆቹ ላይ መስፋታቸውን የሚያነቡ መለኪያዎች ተለጥፈዋል። በመስከረም 2018 ነዋሪዎች የመሰንጠቅ ድምፅ ሰሙ፣ ቀጥሎ 36ኛ ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ተሰንጥቆ ተገኘ። የቤቶቹ ዋጋ ምን እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

የተመረጠው መፍትሔ

መጀመሪያ የተወራው ሐሳብ ከሕንፃው ውስጥ ሆኖ ማቱን እየበሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ፓይሎችን አለት ድረስ ማውረድ ነበር። ወጪው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተገመተ፣ የላይኛው ግምት ሕንፃው መጀመሪያ ከተሠራበት ገንዘብም ይበልጣል። ሰው እየኖረበት ሎቢ ውስጥ መቆፈርም ሌላ ጣጣ ነው።

በታኅሣሥ 2018 ሌላ ሐሳብ ይፋ ሆነ። ሕንፃውን ሙሉውን ከመያዝ ይልቅ የዘመመባቸውን ሁለት ጎኖች ብቻ እንያዝ። በሰሜንና በምዕራብ፣ ከእግረኛ መንገዱ ሥር፣ 52 ፓይሎች 76 ሜትር ወደ ታች ወርደው አለቱ ውስጥ ይገባሉ። የድሮው ማት በአዲስ ኮንክሪት ወደ ውጭ ይራዘማል። ከዚያ በእያንዳንዱ ፓይል አናት ላይ የሃይድሮሊክ ክሪክ ይቀመጥና የሕንፃው ክብደት በከፊል ከሸክላው ላይ ተነስቶ ወደ አለቱ ይተላለፋል። ሌሎቹ ሁለት ጎኖች ባሉበት ይቆያሉ። በጊዜ ሂደት እነሱ ትንሽ ሲሰምጡ ሕንፃው ራሱን እያቃና ይመጣል ማለት ነው።

እኔ ይሄን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ወጪው 100 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፣ ሥራው ከቤት ውጭ ነው፣ ነዋሪው ሻንጣውን ማንሳት አያስፈልገውም። በተከሳሾች፣ በከተማውና በኢንሹራንሶች መሀል ስምምነት ተደርሶ የመንገዱ ሥራ በ2020 መጨረሻ ተጀመረ።

ነሐሴ 2021

የፓይሉ ተከላ በግንቦት 2021 ገባ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 91 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቱቦ ወደ መሬት ይገባል፣ ውስጡ ያለው አፈር ይወጣል፣ ከዚያ በሱ ውስጥ 61 ሳንቲ ሜትር የሆነው ዋናው ፓይል አለት ድረስ ይወርዳል።

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የውጭ ቱቦዎች ከተተከሉ በኋላ መለኪያው ጉድ አወጣ። ሕንፃው በሥራው ወራት ብቻ ተጨማሪ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሰምጧል። ከላይ ጫፉ ላይ ያለው መዝመም ደግሞ ከ43 ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ዘለለ። የሚገርመው ይሄ ነው፦ ለመደገፍ የመጣው ሥራ ከሥሩ መሬት እየሸረሸረበት ነው። ሲመረመር የታየው ዋናው ነገር ከየጉድጓዱ የሚወጣው አፈር ከቱቦው መጠን በላይ መሆኑ ነው፤ ቱቦው ሲገባ ከዙሪያው ያለው አፈር እየተሳበ አብሮ ይወጣል፣ ንዝረቱም የራሱን ይጨምራል። አንድ ፓይል ላይ ኢምንት ናት። በዘመመው ጎን በኩል ተደርድረው በደርዘን ሲቆጠሩ ግን ድምሩ ሕንፃ ያንቀሳቅሳል።

ሥራው ቆመ። ይሄን እንደ ቀላል አትዩት። ኮንትራት ተፈርሟል፣ ማሽን በቀን ሂሳብ ቆሟል፣ ነዋሪው ተቆጥቷል፣ ጋዜጠኛው በር ላይ ነው፣ ከተማው ዓይኑን አፍጥጧል። በኛም አገር በሌላም አገር ሳይት ላይ የቆየ ሰው እንዲህ ዓይነት ሰዓት ላይ የሚባለውን ያውቀዋል፦ "የቀረችው ትንሽ ናት፣ እንጨርሰውና ያርፋል።" ያኔ ያንን ቢሉ ምን ይፈጠር እንደነበር መገመት ነው፣ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነበር።

ከ52 ወደ 18

ከቆመ በኋላ የተደረገው በየተራ ነው። በጥቂት ፓይሎች ላይ ሙከራ ተደረገ፣ ቀስ ተብሎ፣ አፈሩ በልክ እንዲወጣ ቁጥጥር ተደርጎበት፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ እየተለካ። ጉዳቱ ቀነሰ፣ ግን ዜሮ አልሆነም።

በጥር 2022 መሐንዲሱ በከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሳይሸፋፍን ተናገረ። ሕንፃው በዓመት 7.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየዘመመ ነው፤ በዚህ ከቀጠለ በጥቂት ዓመታት 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ እዚያ ሲደርስ አሳንሰሩና የቧንቧ መስመሩ መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። መፍረስ አላለም። አሳንሰር አለ። 58 ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው አሳንሰር ከሌለ ቤት የለም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ኑሮ መተርጎሙ ከማንኛውም ግራፍ በላይ ገላጭ ነበር።

ያቀረበው መፍትሔ በመጀመሪያ ሲሰሙት ይገርማል። ፓይሎቹን እንቀንስ አለ፣ ከ52 ወደ 18፣ 12ቱ በፍሪሞንት በኩል፣ 6ቱ በሚሽን በኩል። በአንዳንዶች ዘንድ ይሄ "በጀት አለቀባቸው" ተብሎ ነበር የተተረጎመው። ሒሳቡ ግን ይገባል። ጉዳቱን የሚያመጣው መትከሉ ነው፣ ጥቅሙን የሚያመጣው መሸከሙ ነው። ትንሽ ተክለህ በእያንዳንዱ ላይ ብዙ ከጫንክ ጉዳቱን ቀንሰህ ጥቅሙን ትይዛለህ። እያንዳንዱ ፓይል 450 ቶን ገደማ እንዲሸከም ተደረገ፣ 18ቱ አንድ ላይ 8,000 ቶን ገደማ። የከተማው ገለልተኛ ባለሙያዎች መርምረው ተስማሙበት።

ቀሪው ሥራም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በጥር 2023 የሚሽን ጎን 6 ፓይሎች ክብደት ያዙ። በፍሪሞንት በኩል ማቱን ለማራዘም ከእግረኛ መንገዱ ሥር በጥልቀት መቆፈር ነበረበት፣ በዚያ መሀል ጫፉ ላይ ያለው መዝመም ወደ 74 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። በሰኔ 2023 የፍሪሞንቱም ተያዘና 18ቱም ሥራ ጀመሩ። ሕንፃው መቃናት ጀመረ፣ ከላይ ጫፉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተመለሰ።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው፦ በሁለቱ ጎኖች የነበረው ስምጠት ተገታ፣ መዝመሙ አቅጣጫ ቀየረ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ለዚህ ሁሉ የአምስት ዓመት ክርክርና ሥራ ወጥቶበታል፣ ቢሆንም ሕንፃው ቆሟል፣ ይኖርበታል።

ያልሠራው ደግሞ አለ። 74 ሳንቲ ሜትር ዘምሞ 2.5 ሲመለስ "ተቃና" ማለት አይቻልም፣ "ቆመ" ነው የሚባለው። የመጀመሪያው ዕቅድ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፣ ግን የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው ያሰላው፤ እዚያ ለመድረስ የሚቆፈረው እያንዳንዱ ጉድጓድ በመንገዱ ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን አሳንሶ ገመተ። ጥገናው ከተጀመረበት እስከ ተጠናቀቀበት ድረስ መዝመሙ ላይ የተጨመረው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ በጥገናው የመጣ አይደለም፣ ባይነካም ይዘም ነበር፤ የተወሰነው ግን ከሱ ነው።

ለሌላ ሳይት የሚወሰድ

መጀመሪያ የማነሳው ያንኑ የመስመር ነገር ነው። ልኬት ስትጀምሩ በዚያው ቀን ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንዱ ሲደርስ ለማን እንደሚነገር፣ ሌላው ሲደርስ ሥራ እንደሚቆም፣ የማስቆም ሥልጣኑም የማን እንደሆነ። ይሄ ኮንትራቱ ውስጥ ካልገባ የሳይቱ መሐንዲስ ቁጥሩን ይዞ አለቃ ሲፈልግ ይውላል፣ አለቃው ደግሞ አማካሪውን ይጠብቃል፣ ማሽኑ እየሠራ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ከዚህ ጉዳይ በኋላ ከ73 ሜትር በላይ ለሚሆኑ ሕንፃዎች የአፈርና የመሠረቱ ሥራ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረመር፣ ስምጠቱም ሕንፃው ከተጠናቀቀ በኋላ ለ10 ዓመት እንዲለካ አዘዘች። አሥር ዓመት ብዙ ይመስላል። ሸክላ ግን በሸክላ ሰዓት ነው የሚሠራው።

አዲስ አበባ ውስጥ አሁን ቤዝመንት የሌለው ሕንፃ ብርቅ ነው። ሦስትና አራት ፎቅ ወደ ታች ይቆፈራል፣ ከጎኑ የቆየ ቤት አለ፣ ብዙ ቦታ ላይ አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ጎረቤት "ግድግዳዬ ተሰነጠቀ" ብሎ ይመጣል፣ ባለ ሳይቱ "ድሮም የተሰነጠቀ ነበር" ይላል፣ ወረዳ ድረስ ይካሰሳሉ፣ ማንም ማስረጃ የለውም። ታወሩና መናኸሪያው የተጨቃጨቁት ይሄንኑ ነው፣ በዶላር ብቻ ይለያል። የመናኸሪያው ሰዎች ግን "ከመቆፈራችን በፊት 25 ሳንቲ ሜትር ሰምጧል" ማለት የቻሉት ቀድሞ የተወሰደ ቁጥር ስለነበረ ነው። ይሄን ለማድረግ ሳተላይት አያስፈልግም። አንድ ሰርቬየር፣ አንድ ሌቭል ማሽን፣ ጎረቤት ግድግዳ ላይ የተመቱ ጥቂት ምልክቶች፣ የቆዩ ስንጥቆች ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን በእስክሪብቶ መጻፍ፣ ሁለቱም ወገን ባሉበት ፎቶ አንስቶ ማስፈረም። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል፣ ካልተሰነጠቀ አልተንቀሳቀሰም፣ ክርክር የለም።

የአፈር ምርመራውንም ልጥቀስ፣ ባጭሩ። ለፈቃድ ተብሎ የሚሠራ ወረቀት ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። ፓይሉ የሚያርፍበትን ንብርብር ብቻ ሳይሆን ከሱ ሥር ያለውን ካልነገራችሁ ሚሌኒየም ታወርን ያሰመጠውን ጥያቄ አልመለሰም።

ቤት ለሚገዛ ሰውም አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ በተለይ ከውጭ ሆናችሁ ገና ያላለቀ ሕንፃ ላይ ገንዘብ ለምትልኩ። ስለ ሴራሚኩና ስለ ኩሽና ካቢኔው ከመጠየቃችሁ በፊት "የስምጠት ልኬት ይወሰዳል ወይ፣ የመጨረሻው ንባብ ስንት ነው?" በሉ። መልሱ ቁጥር ከሆነ ጥሩ ነው። "ኧረ ምንም አይሆንም" ከሆነ ግን ልኬት የለም ማለት ነው።

አሁን ያለበት

በሰሜንና በምዕራብ ያለው ጎን አለት ላይ ነው። ምሥራቁና ደቡቡ ዛሬም እነዚያው 950 ፓይሎች ላይ ነው ያለው፣ ከሥራቸው ያው ሸክላ አለ፣ እዚያ በኩል ትንሽ በትንሹ መስመጡ የዕቅዱ አካል ነው። ስለዚህ ልኬቱ አልቆመም። ሁለቱ ጎኖች በምን ፍጥነት እንደሚለያዩ፣ ማቱ በመሀሉ እንዴት እንደሚሸከመው እየታየ ነው፤ ክሪኮቹ የተቀመጡበት የፓይሎቹ አናትም ከእግረኛ መንገዱ ሥር ነው ያለው።